ዘንቢሉ አይወዛወዝ፦ የባይሴፕስ ልምምድ ደረጃ በደረጃ

ባሕር ዳር ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደ ጣና ዳር ብትወርዱ ብቻችሁን አትሆኑም። አንዱ ይሮጣል። አንዱ ፑሽ አፕ ይሠራል። ከቤቱ ዳምቤል በቦርሳ ይዞ የሚመጣም አለ። ከመካከላቸው ባይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ) የሚሠራ ልጅ አይጠፋም። ቆም ብዬ ሳይ ታዲያ አብዛኛው ብረቱን የሚያነሳው በክንዱ አይደለም፤ በወገቡ ነው። ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፣ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል። ብረቱ ይወጣል። ክንዱ ግን ሥራ አልሠራም።

የእህቴ ልጅም እንዲሁ ነበር የሚሠራው። በየእጁ 15 ኪሎ ይይዛል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አራት ወር ሙሉ ሠራሁ። ክንዴ ያው ነው፤ የሚያመኝ ወገቤ ነው» አለኝ። ዳምቤሉን አስቀመጥንና የእናቱን ዘንቢል አስመጣሁት። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት ውሃ ሞልተን ከተትንበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ 4 ኪሎ መሆኑ ነው። «ይሄማ የገበያ ዕቃ ነው» ብሎ ቅር አለው። በቀስታ አሥር ጊዜ እንዲያነሳው አደረግሁ። ስምንተኛው ላይ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ዘንቢል ጥሩ አስተማሪ የሚሆነው ከእጃችን ሥር ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ነው። ሰውነታችሁን ከወረወራችሁ ይወዛወዛል። በክንዳችሁ ብቻ፣ በዝግታ ካነሳችሁ ተረጋግቶ ይወጣል። መስታወትም አሰልጣኝም ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈው አሠራር ለዳምቤልም ለዘንቢልም አንድ ነው።

ጡንቻው ሥራው ምንድን ነው?

ይህን ሳይረዱ መጀመር ትርፉ ድካም ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ። ባይሴፕስ ከላይ በኩል ሁለት ሥር አለው። ሁለቱም ትከሻችን ላይ ካለው ሰፊ አጥንት ይነሳሉ። ወደ ታች ሲወርዱ አንድ ይሆኑና ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በአውራ ጣት በኩል ካለው የክንድ አጥንት ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ ጡንቻው ሁለት ትልልቅ ሥራ አለው። አንዱ ክርንን ማጠፍ ነው። ሁለተኛው መዳፍን ወደ ላይ መገልበጥ ነው።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አሁኑኑ ሞክሩት። ቀኝ ክርናችሁን እጠፉ፤ መዳፋችሁ ወደ መሬት ይይ። ግራ እጃችሁን ቀኝ ክንዳችሁ ላይ፣ ጡንቻው ላይ አድርጉ። አሁን ቀኝ መዳፋችሁን ወደ ሰማይ ገልብጡ። ጡንቻው ከእጃችሁ ሥር ሲያብጥ ይሰማችኋል። በቀኝ እጅ ብሎን ስታጠብቁ የሚሠራው እሱ ነው። ከርል ስንሠራ፣ ማለትም ክርንን እያጠፍን ክብደት ስናነሳ፣ መዳፍ ወደ ላይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጡንቻው ትከሻንም ስለሚያልፍ ክንድን ወደ ፊት በማንሳት ላይ ትንሽ ያግዛል። እዚህ ጋ ነው ጣጣው የሚመጣው። ክርናችሁ ወደ ፊት ከሄደ የትከሻ የፊት ጡንቻ ገብቶ ሥራውን ይቀማል። ክርን ቦታውን ካልለቀቀ ግን ጭነቱ ባይሴፕስ ላይ ይቆያል። የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ስለ ክርን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃና ክብደት

ዳምቤል ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ዘንቢልና ሃይላንድ ይበቃል። የዘንቢሉ እጀታ ጠንካራ መሆኑን አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ እጅ የሚቆርጥ ከሆነ ጨርቅ ጠቅልሉበት።

የሰፈር ልጆች ሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቱቦ የሚያያይዙት አለ። እሱም ይሠራል። ግን ሁለቱ ጎኖች እኩል የሚመዝኑበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቱቦውን መሃሉ ላይ በገመድ አንጠልጥሉትና እዩት። ወደ አንድ በኩል ካዘነበለ ለባይሴፕስ አትጠቀሙበት፤ የእጅ አንጓችሁን እያጣመመ ነው የሚያሠራችሁ።

ክብደት ስትመርጡ ጓደኛችሁ የያዘውን አትዩ። ከ10 እስከ 12 ጊዜ በንጹህ አሠራር የምታነሱት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት የሚከብዱ ይሁን። ጀማሪ በአንድ እጅ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ባለው ቢጀምር ምንም አይጎድልበትም። እኔ ይህን በመከራ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት አንድ ጂም ውስጥ ከጎኔ ከሚሠራ ሰው ጋር እኩል ለማንሳት ስል ከአቅሜ በላይ ያዝኩ። የክርኔ ጅማት ታመመ። ለሦስት ወር ሙሉ ጀበና ማንሳት እንኳ ያመኝ ነበር።

ሰውነት ማሟሟቅ

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችሁ ወደ ሐይቁ በብስክሌት ነው የምትመጡት። እግርና ልብ ሞቋል ማለት ነው። ክርንና ትከሻ ግን እጀታ ይዘው እንደ ደረቁ ነው የመጡት። ስለዚህ ክንዳችሁን ወደ ፊት አሥር፣ ወደ ኋላ አሥር ጊዜ አሽከርክሩ። የእጅ አንጓችሁን አዟዙሩ። ከዚያ ልትሠሩበት ካሰባችሁት ክብደት ግማሹን ይዛችሁ 15 ጊዜ በቀስታ አንሱ። በዘንቢል ከሆነ አንዱን ሃይላንድ ማውጣት ብቻ ነው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ስለሚበረታ በጊዜ ጨርሱ። ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትከብዳለች።

ደረጃ 1፦ አቋቋም

እግራችሁን በዳሌያችሁ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ። ጉልበት ትንሽ ላላ ይበል፤ ተገትሮ አይቆለፍ። ሆዳችሁንና መቀመጫችሁን ጠበቅ አድርጉ፤ አንድ ሰው ሊገፋችሁ ሲመጣ እንደምታደርጉት። ደረት ቀና ይበል። ትከሻችሁን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንሱና ወደ ኋላ አዙራችሁ ወደ ታች ልቀቁት። እዚያው ይቆይ።

ወገባችሁ እየተለጠጠ ካስቸገራችሁ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ። ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ቀጥ ያለ ዘንባባ ግንድ ያገለግላል። ተረከዛችሁን ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ፤ መቀመጫችሁና የላይኛው ጀርባችሁ ግንዱን ይንካ። ስታነሱ ጀርባችሁ ከግንዱ ከተላቀቀ ወይም ግንዱን መግፋት ከጀመራችሁ ክብደቱ በዝቷል። የእህቴን ልጅ ለሁለት ሳምንት ያሠራሁት በዚህ መንገድ ነው።

ደረጃ 2፦ አያያዝ

መዳፍ ወደ ፊት ይይ። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች በተቃራኒ ዞሮ እጀታውን ይቆልፍ። የእጅ አንጓ ከታችኛው ክንድ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሥራ፤ ወደ ኋላ አይሰበር፣ ወደ ውስጥም አይጠቅለል። ጣቶቻችሁ እስኪነጡ ድረስ እጀታውን አትጨብጡ። ዘንቢል የያዘ ሰው እግሩ ላይ እንዳይታከክበት ከጭኑ ትንሽ ራቅ ያድርገው።

ደረጃ 3፦ ክርንን ማሰር

ክርናችሁን ከጎድን አጥንታችሁ አጠገብ አድርጉ። ሥጋ ውስጥ እስኪገባ አትጫኑት፤ ነካ ማድረግ ይበቃል። ክርን የበር ማጠፊያ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ማጠፊያው ግን ከመቃኑ አይነቀልም። ማጠፊያው ከተነቃነቀ በሩ ይጣመማል።

ትንሽ ፎጣ አጥፋችሁ በክንዳችሁና በጎናችሁ መሃል ያዙ። ክርኑ ወደ ውጭ ሲከፈት ፎጣው ይወድቃል። ወደ ፊት መሄዱን ለማወቅ ደግሞ ሰው ከጎን እንዲያያችሁ ወይም በስልክ እንዲቀርጻችሁ አድርጉ። ከፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ይህን ስህተት አያሳይም።

ደረጃ 4፦ ወደ ላይ

ትንፋሽ እያወጣችሁ የታችኛውን ክንድ ብቻ አንሱ። ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ይፍጅ። የሚንቀሳቀሰው ከክርን በታች ያለው ክፍል ብቻ ነው። ሌላው አካል ሁሉ እንደ ቆመ ይቆይ።

ክንዳችሁ መሃል ላይ ሲደርስ፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን፣ ክብደቱ በድንገት የጨመረ ይመስላል። አልጨመረም። ጭነቱ ከክርናችሁ በጣም የራቀው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ባልዲ ወደ ሰውነት አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። ሰው የሚያጭበረብረውም እዚችው ቦታ ላይ ነው፤ ወገቡን ይወረውራል። እዚህ ስትደርሱ ሆዳችሁን ይበልጥ አጥብቁና በትዕግሥት እለፉት። ማለፍ ካልቻላችሁ ዙሩ አልቋል፤ አስቀምጡት።

ደረጃ 5፦ ጫፍ ላይ

ዳምቤሉን ትከሻችሁ ላይ አትጣሉት። የታችኛው ክንድ ሽቅብ ሊቆም ትንሽ ሲቀረው አቁሙ። ክብደቱ በትክክል ከክርኑ በላይ ከመጣ አጥንት ይሸከመዋል፤ ጡንቻው ያርፋል። በዘንቢል ለሚሠራ ሰው ምልክቱ ቀላል ነው። የዘንቢሉ ጎን ክንዳችሁን ሊነካ ሲል በቂ ነው። እዚያ ላይ ጡንቻውን ጨምቁና አንድ ሰከንድ ቆዩ። ትከሻ ወደ ጆሮ አይውጣ።

ደረጃ 6፦ ወደ ታች

ከሁሉም የምጠነቀቅለት ይህን ነው። አብዛኛው ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሥራው ያለቀ ይመስለውና ክብደቱን ይለቀዋል። ሲወርድ ግን ጡንቻው እየተሳበ ጭነቱን ይይዛል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጥንካሬም የጡንቻ መጠንም ከዚህ ይገኛል። ከለቀቃችሁት ግማሹን ልምምድ ጣላችሁት ማለት ነው። በዚያ ላይ ድንገተኛው ምት ክርን ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ትንፋሽ እያስገባችሁ በሦስት ሰከንድ አውርዱ። «አንድ… ሁለት… ሦስት» እያላችሁ ቁጠሩ። ውሃ የሞላ እንስራ ከጀርባዋ የምታወርድ እናት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ለመሸከም የተጠነቀቀችውን ያህል ለማውረድም ትጠነቀቃለች። ሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፈውንም ሰው እዩት። አይጣደፍም፤ ምቱ አንድ ዓይነት ነው። የእናንተም እንደዚያ ይሁን።

ታች ስትደርሱ ክንዳችሁ ይዘርጋ። በግማሽ መንገድ እየመለሳችሁ አታሳጥሩት። ክርኑ ግን «ቀጭ» ብሎ እስኪቆለፍ አትወርውሩት። ዘንቢሉ መረጋጋቱን እዩ። ከተወዛወዘ እስኪቆም ጠብቁና ቀጣዩን ጀምሩ።

ትንፋሽ አትያዙ። በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲያምጥ ግፊቱ በአንዴ ሊያሻቅብ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስንት ጊዜ፣ ስንት ዙር?

በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁለት ዙር፣ ከዚያ ሦስት። በዙሮች መሃል ከአንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ዕረፍት። በአንድ እጅ የምትሠሩ ከሆነ ደካማውን እጅ አስቀድሙ። ግራው 9 ላይ ካቆመ ቀኙም 9 ላይ ያቁም፤ አለበለዚያ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ደግሞ በዙር መሃል ከዘንቢሉ ውሃ አትጠጡ፤ ክብደቱ ይቀንሳል። የሚጠጣ ውሃ ለብቻ ያዙ።

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ። ጡንቻ የሚገነባው በዕረፍቱ ጊዜ ስለሆነ በየቀኑ መሥራት አያፈጥነውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል፤ እሱ የሚለው ግን ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች ሁሉ ነው። ባይሴፕስ ብቻውን አይበቃም። ክንዴ ወፍራም ይሁን የሚል ሰው እንኳ ከክንድ ጀርባ ያለው ትራይሴፕስ ከባይሴፕስ እንደሚበልጥ ይወቅ። ፑሽ አፕ ጨምሩበት። እግርም አትርሱ።

አንድ ወር ከሠራችሁ በኋላ ከሁለቱ ቀን አንዱን በመዶሻ አያያዝ ሥሩት። መዳፍ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎናችሁ ያያል፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ይሆናል፤ መዶሻ እንደ መያዝ ነው። ይህ ከባይሴፕስ ሥር ያለውን ጡንቻና የታችኛውን ክንድ ይበልጥ ያሠራል። ለዚህ አያያዝ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ይመቻል። ሌላው አሠራር እንዳለ ነው።

ሕመም ሲመጣ

ጡንቻው መሃል ላይ ማቃጠል ጤናማ ነው። በማግስቱ መዛልና እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ ስሜትም እንዲሁ። ክርን ላይ ወይም ትከሻ ፊት ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ አቁሙ። «ትንሽ ልግፋበት» የሚለው ሐሳብ ነው እኔን ሦስት ወር ያስቀመጠኝ።

ሁለት ምልክቶች ላይ ወደ ሐኪም ለመሄድ አታመንቱ። አንደኛ፣ ስታነሱ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ክንድ ከደከመ፣ ከበለዘ ወይም ጡንቻው ተሰብስቦ ከወጣ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ ቶሎ ሲደረግ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ከአቅም በላይ ከሠራችሁ በኋላ ክንድ በጣም አብጦ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሂዱ። የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ይጎዳል።

ከጨረሳችሁ በኋላ ስለ ሐይቁ አንድ ቃል። ላብ ሲያጠምቃችሁ ውሃው ይጣራል፤ አውቃለሁ። ግን ጣና ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ እግር መንከር ብቻ ይበቃዋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬም አለ። ታጥባችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ከቤት ውሃ ያዙ።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ጡንቻ ለማሳደግ ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን በቂ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም ገደማ ይሆናል። 100 ግራም የዓሣ ሥጋ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ከፍ ባለ መጠን ይበላ። የዱቄት ፕሮቲን ካልገዛሁ አላድግም ብሎ የሚጨነቅ ልጅ አይጨነቅ።

ክብደት መቼ ይጨመር?

ሦስቱንም ዙር 12 ጊዜ ሳትወዛወዙ፣ ሦስት ሰከንድ እያወረዳችሁ፣ በተከታታይ ሁለት የልምምድ ቀን ከጨረሳችሁ ጨምሩ። በዳምቤል ከሆነ ቀጣዩን ትንሹን አንሱ፤ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ብቻ። በዘንቢል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ሦስተኛ ሃይላንድ ክተቱና ግማሽ ሊትር ውሃ አድርጉበት። 4 ኪሎው 4 ኪሎ ተኩል ይሆናል። የጂም ዳምቤል እንዲህ ያለ ትንሽ ዕርምጃ ብዙ ጊዜ የለውም።

የእህቴ ልጅ አሁን 7 ኪሎ ላይ ደርሷል። «ወገቤን አመመኝ» አይልም። ባለፈው ሰኞ ግማሽ ሊትር ጨምሮ ጀመረ፤ ስድስተኛው ላይ ዘንቢሉ ተወዛወዘ። ምንም ሳልለው ራሱ አስቀመጠው። የጨመረውን ውሃ ዘንባባው ሥር አፈሰሰና በ7 ኪሎው ዙሩን እንደገና ጀመረ።